ቅዳሜ የተተረጎመው ፊልም

የእትዬ ሰገነት ሻይ ቤት ሉማሜ ከተማ ላይ፣ የአዲስ አበባ አውቶቡሶች የሚቆሙበት ቦታ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ገበያው ሲበተን፣ ደመላሽ በፍላሽ ፊልም ይዞ ይመጣና ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ እየተረጎመ ያሳያል።

ደመላሽ አዲስ አበባ አንድ ሆቴል ውስጥ ሰባት ዓመት ሠርቶ የተመለሰ ነው። ከከተማው ሰው እንግሊዝኛ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው ይባላል። መድኃኒት የገዛ ሰው ወረቀቱን የሚያስነብበው ለእሱ ነው። የገበሬዎች ማኅበሩ መጋዘን ጠባቂ አያ ባምላኩም ፊደል ስላልቆጠሩ፣ የርክክብ ወረቀት ሲመጣ «ና እስቲ ልጄ፣ እይልኝ» ብለው ይጠሩታል። ቅዳሴ ሲደርስባቸውም ቁልፉን አስይዘውት የሚሄዱበት ቀን ነበር።

የዚያን ዓመት ጥምቀት ከተማው በሙሉ ታቦት አጅቦ ወንዝ ወረደ። በማግስቱ መጋዘኑ ሲከፈት አባላቱ ያስረከቡት ሠላሳ ኩንታል ጤፍ የለም። ቁልፉ አልተሰበረም። መስኮቱም አልተነካም።

አያ ባምላኩ በሩ ላይ ቁጭ ብለው እንደ ልጅ አለቀሱ። ፖሊስ ሦስት ቀን ጠየቃቸው፤ ማስረጃ አጣና ለቀቃቸው።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ደመላሽ አዲስ ፊልም ይዞ መጣ። አሥር ሰዎች አንድ ትልቅ የቁማር ቤት ይዘርፋሉ። ፊልሙ ውሉ የሚጠፋ ዓይነት ነው። ሞተ የተባለው ይነሣል። ፖሊስ የተባለው ሌባ ሆኖ ይገኛል። ተመልካቹ ግራ ገባው።

«ቆይ እስቲ፣ ደመላሽ» አለች የብርጓል። ከጠፋው ጤፍ ስድስቱ ኩንታል የእሷ ነበር። «ሰብረው አልገቡም እኮ። በሩን ማን ከፈተላቸው?»

ደመላሽ ፊልሙን አቆመው። ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ፊቱን ሸፍኖ ያለቅሳል።

«እሱ ነዋ። ለዚህ ነው የሚያለቅስ።»

«ምን እያለ ነው?»

«‹አልነካሁም፣ ልማልላችሁ› ይላል። ሰባሪ ከሌለ የውስጥ ሰው አለ ማለት ነው። የውስጥ ሰው ደግሞ ቁልፍ ያዡ ነው።»

«ይኼ ክራቫታሙስ? ከቁማር ቤቱ ባለቤት ጎን የማይለየው?»

«እሱን ተዪው፤ ምንም አይደለም።»

አያ ባምላኩ በሩ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ቤቱ ሙሉ ሰው ወደሳቸው ዞረ። የያዙትን ብርጭቆ ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«ደመላሽ ልጄ፣ እውነት ፊልሙ እንዲህ ይላል?»

«ይላል፣ አያ ባምላኩ። እኔ የሚለውን ነው የምነግርዎ።»

ሽማግሌው ተነሡ። ጠጅ እንደ ጠጣ ሰው ግድግዳውን ይዘው ሲወጡ ሰገነት አየች። ተከትላ ልትጠራቸው አሰበች፤ ሰው ምን ይለኛል ብላ ተቀመጠች።

እሑድ አያ ባምላኩ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ በታቦቱ ማሉ። «ያ የፊልሙ ዘበኛም ምሏል» አለ አንዱ። ሌሎቹ ሳቁ። ሰኞ ማኅበሩ ከሥራ አሰናበታቸው። ጎረቤት ሰላምታ ነሣቸው። ሚስታቸው የኔዓለም ከወፍጮ ቤት ተራዋን ተነጥቃ እህሏን ሳታስፈጭ ተመለሰች። ጾሙ ሳይጋመስ ሁለቱም ከተማውን ለቀው ገጠር ልጃቸው ዘንድ ገቡ።

ደመላሽ ከፋሲካ በኋላ ባጃጅ ገዛ። አዲስ አበባ ያለው ወንድሙ እንዳገዘው ተናገረ፤ ሰውም «ወንድምህን ይባርክልህ» አለው። ሥራ ስለበዛበት ፊልሙን ተወው።

ሰኔ ላይ የአያ ባምላኩ መርዶ መጣ። እህል አልወርድ ብሏቸው ነበር አሉ። ዕድሩ እንሂድ አንሂድ ሲል ተከራከረ። በመጨረሻ የሄዱት አራት ሰዎች ናቸው፤ ሰገነት አንዷ ነበረች። ጭቃውን እየሰነጠቀ በባጃጁ ያደረሳቸው ደመላሽ ነው። ዋጋም አልተቀበለም። መቃብሩ ላይ ከሁሉም አብልጦ አለቀሰ።

የኔዓለም ግን ሰገነትን ለይታ ጠራቻት።

«ሰገነት፣ እስኪሞት ድረስ ያንን ፊልም ይጠይቅ ነበር። ‹የዚያ ሽማግሌ መጨረሻው ምን ሆነ?› ይለኛል። እኔ ምን አውቄ።»

ፊልሙን ያኔ ማንም እስከ መጨረሻው አላየውም።

መስከረም ላይ ትሕትና የምትባል የእንግሊዝኛ መምህርት ከደብረ ማርቆስ ተመድባ መጣችና የሰገነትን የጓሮ ክፍል ተከራየች። ሰገነት አንድ ሳምንት ስታመነታ ቆየች። በሳምንቱ ሻይ ቤቱን ዘጋችና ደመላሽ ረስቶት የሄደውን ፍላሽ አውጥታ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካችው።

«መምህር፣ ካላስቸገርኩሽ ይኼን ተርጉሚልኝ። ይኼ ሽማግሌ ለምንድን ነው የሚያለቅስ?»

ትሕትና አዳመጠች።

«ሳይሰርቅ ሌባ ብለውት ነው፣ እትዬ። ‹ዕድሜዬን ሙሉ ጠብቄ፣ በስተርጅና በምን ዐይኔ ሰው ልይ?› እያለ ነው።»

ሰገነት ወንበር ስባ ተቀመጠች። አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች።

«እሱ አይደለም በሩን የከፈተው?»

«እሱማ ምስኪን ነው። ምንም አያውቅም።»

«ማነው ታዲያ?»

ትሕትና ፊልሙን እስከ መጨረሻው ለቀቀችው። ካለቀ በኋላ መምህርቷ ዞር አለች።

«ክራቫታሙ። የባለቤቱ አስተርጓሚ።»