ክዳኗ ላይ የተጻፈው ምልክት

የሰልስቱ ድንኳን ገና ሳይፈርስ፣ የትሩፋት አጎት ጎፋ ያለውን የሟች አባቷን የወርቅ መሥሪያ ሱቅ ከፍቶ መበርበር ጀመረ። ከመሳቢያው ሥር አንዲት ትንሽ ቆርቆሮ አውጥቶ አፍንጫዋ ላይ ደቀናት።

«አንቺ ተማሪ! ምንድን ነው የሚለው? ብትዋሺኝ ወዮልሽ!»

ክዳኗ ላይ በአባቷ እጅ «Au» ተብሎ ተጽፏል። ወርቅ ማለት እንደሆነ ትሩፋት በኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ ተምራለች። አባቷ ሲሞርድ የሚረግፈውን ብናኝ ለእሷና ለእናቷ ክፉ ቀን ያጠራቅምባት ነበር።

አጎቷ ክዳኗን በጥፍሩ ሊፈለቅቅ ሲል «አርሴኒክ!» ብላ ጮኸች። «መርዝ ነው፣ ጋሼ። ሽታው ብቻ ይገድላል።»

እጁ ቀጥ አለ። ቆርቆሮዋን እንደ ፍም እቅፏ ውስጥ ወረወራትና ጣቶቹን በነጠላው ደጋግሞ ጠረገ።

«ታዲያ ምን ይገትርሻል? ሩቅ ወስደሽ ጣይልኝ!»