መጨረሻው የጠፋው መጽሐፍ

በዚያ ዘመን ደሴ ውስጥ መጽሐፍ የሚያነብ ልጅ የለም። ልጆቹ ትምህርት ቤት ገብተው ጆሯቸው ላይ አንዲት ቁልፍ ስትለጠፍባቸው፣ መጽሐፉ ከነመጨረሻው ጭንቅላታቸው ውስጥ ይገለበጣል። የእንዳልካቸው ልጅ ረድኤት በአሥር ዓመቷ የዓለምን መጻሕፍት ጨርሳለች፤ አባቷ ለጎረቤት የሚያወራው እንደዚያ ነው። መጽሐፍ ሲነሳባት ግን ኮሶ እንደጠጣ ሰው ፊቷን ታኮሳትራለች።

ይህ አባቷን እንደ እሳት ያንገበግበዋል። አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ መጽሐፍ ሲያጓጓት ቢያይ ሌላ አይለምንም። ስለዚህ እንዲገለበጥ ሰጥቶት ትምህርት ቤቱ ጎደሎ ነው ብሎ የመለሰበትን የልጅነት መጽሐፉን ከሳጥን አወጣ።

«ይሄን እኔ በአንድ ትንፋሽ ነው ያነበብኩት!»

«አባዬ ደግሞ ጀመርክ!» አለች እያዛጋች።

አነበበላት። ድምፁ የጦሳን ተራራ አነቃነቀ ቢባል ውሸት አይደለም። የታሪኩ ሙሽራ ገደሉን በገመድ ድልድይ ስትሻገር፣ ገመዱ መበጣጠስ ሲጀምር፣ ማንበቡን አቆመ።

ረድኤት አንገቷን አሰገገች። «ከዚያስ?»

እንዳልካቸው ደነገጠ። ሁሉ ነገር ከነመጨረሻው የሚደርሳት ልጅ እንዲህ ብላ ጠይቃ አታውቅም።

«ከዚያማ የለም። የቀረውን ገጽ እኔ ሳላነበው ኦቾሎኒ ሻጭ ጠቅልሎበታል።»

«እንዴት የለም? ስሞትልህ፣ ወደቀች?»

«እኔ እንጃ። አንቺ ምን ይመስልሻል?»

ረድኤት መጽሐፉን ነጥቃ ጭኑ ላይ ወጣች። «አልወደቀችም። ቆይ... ቀሚሷ ድንጋይ ላይ ተያዘ፣ እና...»

«ተመስገን ጌታዬ!» አለ እንዳልካቸው እንባው እየቀደመው።

«አባዬ፣ አታቋርጠኝ!»