ውሃው መቼ ወጣ?

መምህርት ሠርካዲስ ከልደታ ማርያም ደጃፍ ጧፍ ገዝታ ወደ ትምህርት ቤቱ ስትገባ ርዕሰ መምህሩ አቶ ኩማ በሩ ላይ ቆመው ጠበቋት።

«ዛሬ ከክፍለ ከተማ ሱፐርቫይዘር ይመጣል። ቴሌቪዥኑን ዛሬም ካጠፋሽ ከእንግዲህ እዚህ አታስተምሪም። እኔም አላድንሽም።»

«የትምህርት ፊልሙ ይሳሳታል እኮ፣ ጋሼ ኩማ።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም!» ብለው ጥለዋት ገቡ።

እውነታቸውን ነው፤ ሠርካዲስ የያዘችውን አትለቅም። ለፊልሙ አዘጋጆች እንኳ ስህተታቸውን ጽፋላቸው ነበር፤ መልስ የሰጣት የለም። ሥራዋን ትወደዋለች፤ ማጣቱም ያስፈራታል። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው የሰሙትን ሁሉ ሲውጡ ዝም ማለት ግን አልሆነላትም።

ሰባተኛ ክፍል ትምህርቱ እንደተጀመረ አንድ ጎልማሳ ገባ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሳና ኋላ ተቀመጠ። «እንኳን ደህና መጡ» ስትለው ራሱን ብቻ ነቀነቀ። ልጆቹ ተጠቃቀሱ፤ ሱፐርቫይዘሩ መጥቷል።

ቴሌቪዥኑ ላይ ውሃ በያዘ ሳህን መሃል ሻማ ይነዳል። ብርጭቆ ተደፋበት፤ ውሃው ወደ ላይ ወጣ። ሙዚቃው ይንቆረቆራል።

«እሳቱ ኦክስጅኑን በልቶ ጨረሰ» አለ ወፍራሙ የተራኪ ድምፅ፤ «ውሃውም ባዶውን ቦታ ያዘ።»

ልጆቹ ያንን ድምፅ ከአባቶቻቸው በላይ ያምኑታል። እንግዳው አንገቱን ደፋ።

አቶ ኩማ በመስኮት እያዩ ነው። ሠርካዲስ የመጣው ይምጣ አለችና ቴሌቪዥኑን ድርግም አደረገችው። ጧፉን በሰሙ አጣብቃ ውሃ በያዘ ሳህን መሃል አቆመች፤ ለኮሰችና ብርጭቆ ደፋችበት።

«አሁን ዓይናችሁን ክፈቱ። ውሃው የሚወጣው መቼ ነው?»

ኢክላስ ከወንበሯ ብድግ አለች። «ቲቸር፣ እየነደደ እያለማ ብዙም አልወጣም! ሲጠፋ ነው ዘሎ የወጣው!»

«ኦክስጅኑ ስለተበላ ቢሆን ኖሮ» አለ ፊራኦል፣ «እየነደደ እያለ ቀስ በቀስ መውጣት ነበረበት።»

«ታዲያ ፊልሙ ምን ሆኖ ነው?» አለች ኢክላስ።

«ፊልሙን ተዉትና ደግማችሁ ሞክሩት።»

ደገሙት። አሁንም ያው ሆነ። ሁሉም ካልነካሁ እያለ ሲጋፋ ክፍሉ ገበያ መሰለ።

አቶ ኩማ በሩን በርግደው ገቡ። «አዩልኝ አይደል፣ ጌታዬ!» አሉ ወደ እንግዳው ዞረው። «ስንቴ መክሬያታለሁ። ያዩትን ይጻፉባት!»

ሠርካዲስ ከልጆቹ ፊት ቆመች። «እባረራለሁ እንጂ ልጆቹን ያያችሁትን አላየንም በሉ አልልም።»

እንግዳው ቀስ ብሎ ተነሳ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«መምህርት፣ ታዲያ ውሃውን ያወጣው ምንድን ነው? ዳግመኛ እንዳልሳሳት ያስረዱኝ» አለ፣ በዚያው ወፍራም የተራኪ ድምፅ።

ልጆቹ በሙሉ ዞረው ያዩት የጠፋውን ቴሌቪዥን ነበር።