አሳየች የተባለው ወንድ ልጅ

ልዑልሰገድ ወንድ ልጅ እንደተወለደለት በስልክ የሰማው አዲስ አበባ ላይ ሽንኩርት እያራገፈ ነው። የዚያኑ ዕለት የአይሱዙውን ግንባር በትልልቅ ፊደል «ኢዛና» ብሎ አስጻፈና ወደ አዳማ ከነፈ።

ሚስቱ ሰብለወንጌል ሆስፒታል ተኝታ ጠበቀችው። ባቱ ከተማ ያሉትን እናቷን ጠይቃ ስትመለስ ነበር ምጡ መንገድ ላይ ያጣደፋት። ልዑልሰገድ በሰዓቱ ባለመገኘቱ አፍሮ ስለነበር ወሬውን እንድትቀጥል አልፈለገም።

«አሁን አርፈሽ ተኚ» አለና ልጁን ታቀፈው። «ኢዛና! የኔ አንበሳ!»

«ስሙ አሳየች ነው» አለች ሰብለወንጌል።

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

መቂ ውስጥ፣ መኪኖች ሽንኩርት ከሚጭኑበት ሜዳ አጠገብ፣ አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት አለች። የባለቤቷ ስም አሳየች ነው። ልዑልሰገድ ለሽንኩርት በሄደ ቁጥር ቁርሱን እዚያ ይበላል፤ አንዳንዴም የሚበላው እዚያው አድሮ ነው። ለአሳየች ሚስት እንዳለው ነግሯት አያውቅም። ለሰብለወንጌልም አሳየች የምትባል ሰው በዚህ ዓለም ላይ መኖሯን ነግሯት አያውቅም።

«ለምን መሰለህ...» ብላ ጀመረች ሰብለወንጌል።

«አትንገሪኝ!» አለ ቶሎ ብሎ። «አንቺ ካልሽ በቃ። ይሁን።»

ልጁን ለነርሷ ሰጥቶ ግድግዳ ተደገፈ።

ቤት ሲገቡ እናቱ ወይዘሮ ሸዋወርቅ ስሙን ሰምተው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ምን ልበል እንግዲህ እኔ? አሳየች መጣ ነው የምለው ወይስ አሳየች መጣች? ልጁ አፍ ሳይፈታ የእኛን አፍ ሊያበላሽ ነው! ድሮም ቢሆን ለወንድ የሴት ስም የሚያወጣ ልጅ እየሞተበት የተቸገረ ሰው ነው፤ ሞት ሴት መስሎት እንዲያልፈው። አንቺ ማን ሞተብሽ?»

«ማንም አልሞተብኝም፣ እማማ» አለች ሰብለወንጌል ባሏን እያየች። «ምክንያቱን በክርስትናው ቀን እነግራችኋለሁ። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት።»

ልዑልሰገድን ላብ ላብ አለው።

ደርሳበታለች፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ሰብለወንጌል ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ሰፊ ናት። የሥራ ጓደኞቿ ለልጆቻቸው የሚያወጡት ስም የሽቶ ስም ይመስላል። አሳየች የአክስቶች ስም እንጂ የሕፃን ስም አይደለም፤ ያውም የወንድ!

ከዚያ ወዲህ የምትናገረው ሁሉ ሌላ ነገር ያዘለ መሰለው።

«ስሙን ጮክ ብለህ ጥራው እንጂ፤ ትፈራዋለህ እንዴ?» ትለዋለች።

ሌላ ቀን ደግሞ፣ «መኪናው ላይ ያለውን አስፍቀህ አሳየች አስጽፍበት። መቂ ስትገባ ሰው ሁሉ ይየው» አለችው። መቂ ስትል ፈገግ ብላ ነበር።

መቂ መሄድ አቆመ። አዳማ ገበያ ላይ የሚሸጥለትን ሸሪኩን ባጫን በእሱ ፈንታ ላከው። ባጫ ስለ ሴትዮዋ ምንም አያውቅም። የሕፃኑን ስም ሲሰማ ግን በሳቅ ፈነዳ።

«ወንድ ወልዳ አሳየች? ሰብሌ አሳየችህ በለኛ!»

ልዑልሰገድ አብሮ ለመሳቅ ሞክሮ ትን አለው።

ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ወጣው። አጥሚት ያፈላል፣ ዳይፐር ይቀይራል፣ ልጁ ገና «እ» ሲል ከመቀመጫው ይነሳል። የሰፈሩ ሴቶች ለባሎቻቸው «የልዑልሰገድን ዓይነት ቢያደርግህ ምናለ» ማለት ጀመሩ። ሰብለወንጌልም አንድ ቀን ትከሻው ላይ ጋደም ብላ፣ «እንዲህ ዓይነት ሰው መሆንህን አላውቅም ነበር» አለችው። ይህንንም እንደ ሽሙጥ ነው የሰማው።

አንድ ተስፋ ነበረው፤ ቄሱ። ቄሱ ግን «እኔ የማወጣው የክርስትና ስሙን ነው» አሉት። «የቤት ስሙ የእናቱ ጉዳይ ነው።»

ልጁ ገብረወልድ ተብሎ ተጠመቀ። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው፣ ድንኳኑ ውስጥ ወንበር እየተደረደረ ሳለ፣ ልዑልሰገድ ሚስቱን ተከትሎ መኝታ ቤት ገባ። በሩን ዘግቶ እግሯ ሥር ተንበረከከ።

«ሰብሌ፣ በእመቤታችን ይዤሻለሁ፣ ሰው ፊት አታውጪው። እኔው ልናገር። መቂ አሳየች የምትባል ሴት መኖሯ እውነት ነው። ሚስት የለኝም ብዬ ነው የቀረብኳት፤ እሷ ጥፋት የለባትም። ልጁ ከተወለደ ወዲህ እግሬ እዚያ አልደረሰም። በስሟ ቀጥተሽኛል፤ ይብቃኝ።»

ሰብለወንጌል እያጠባች ነበር። ልጁን ቀስ ብላ ከጡቷ አላቀቀችና ቋንቋው እንዳልገባት ሰው ባሏን አየችው።

«የትኛዋ አሳየች?»

«ምግብ ቤት ያላት... ሽንኩርት መጫኛው ጋ።»

ሕፃኑ አለቀሰ። ሁለቱም አላባበሉትም። ስልኳ ጠራ፤ ብዙ ከጠራ በኋላ አነሳችው።

«አዎ፣ ሰማያዊው በር ነው» አለች በደረቀ ድምፅ። «አንኳኪው፤ ባሌ ይከፍትልሻል።»

ስልኩን አልጋው ላይ አስቀመጠች። ወዲያው የግቢው በር ተንኳኳ። ልዑልሰገድ ከተንበረከከበት አልተነሳም።

«ተነስ ክፈትላት» አለችው ሰብለወንጌል። «መቂ ላይ ከሚኒባስ አውርዳኝ፣ ምግብ ቤቷ ጓዳ ውስጥ ልጅህን ያዋለደችኝ ሴት ናት።»