ሽንሽኑ ሲከፈት

«አዘጋጁ ልብሱን ከውጭ አገር አስመጥቷል አሉ» ትላለች አክስቷ፣ ክር በጥርሷ እየበጠሰች። ከጠዋት ወዲህ ስትለው ይሄ አራተኛዋ ነው። «ያለቀለት፣ መብራቱ ሳይቀር የተገጠመለት።»

«ማን ነው ያለው?»

«ሰው ነዋ።»

«ይሄ ሰው የምትዪው ሥራ የለውም?» ልጅቷ ቀና አትልም። የሩዝ ፍሬ የምታህል አምፖል ይዛ፣ ጣቷን በሽንሽኑ እጥፋት ውስጥ አስገብታ በዳሰሳ ትሰፋለች። «አስመጥቶ ከሆነ እኔ ጋ ምን ያመላልሰዋል? ናፍቄው ነው?»

ሰፈሩ ምላጭ ይላታል። ለምላሷ ነው የሚሉ አሉ፤ አክስቷ ግን ትክክለኛውን ታውቃለች። ልጅቷን ስፌት ያስተማራት ማንም የለም። በአሥራ አራት ዓመቷ የአክስቷን ረጅም የክት ኮት በምላጭ ፈትታ፣ ብጣሹን ሁሉ ወለል ላይ ዘርግታ፣ እንዴት እንደተሠራ ካየች በኋላ መልሳ ሰፋችው። ኮቱ ይኸው እስከ ዛሬ በሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ከበፊቱ ይሻላል፤ አክስቷ ይሄን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ዛሬ የሷ ልብስ የሚለካበት ቀን ነው። የመድረኩ አዘጋጅ ከወደደው ዳንሰኛዋ ለብሳው ሕዝብ ፊት ትቆማለች፤ ካልወደደው የሁለት ወር ልፋት መጋረጃ ሆኖ ይቀራል። ጨርቁን በታጠፈ ካርቶን መሃል አስገብታ፣ በገመድ ጠፍራ፣ በትልቅ ድስት እንፋሎት ላይ አቆይታ ነው የሸነሸነችው። አምፖሎቹን መጀመሪያ የሰፋቻቸው በእጥፋቶቹ አናት ላይ ነበር። ስታበራው የሠርግ አዳራሽ መሰላት። ሦስት መቶ አርባውንም አንድ በአንድ ፈትታ ወደ እጥፋቶቹ ሆድ አወረደቻቸው።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አዘጋጁና ዳንሰኛዋ ይመጣሉ። አክስትየው መስኮቱን ትዘጋለች። ዳንሰኛዋ ለብሳ ከመጋረጃው ጀርባ ስትወጣ፣ ልብሱ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ግራጫ ነው፤ እንደተዘጋ ጃንጥላ ጭምት ያለ።

«በርቷል?» ይላል አዘጋጁ።

«በርቷል።»

«ምንም አይታይም እኮ።»

«አይታይም።» ምላጭ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራለች። «እህቴ፣ እስኪ በረጅሙ ተንፍሺ።»

ዳንሰኛዋ አየር ትስባለች። ደረቷ ላይ ሽንሽኑ ገርበብ ይላል፣ በየስንጥቁ ቀጭን ብርሃን ብቅ ይላል፤ ስታስወጣው ይከደናል። ሳቋ ይመጣባታል፣ ሳቋም ሆዷ ላይ ብልጭ ድርግም ይላል። ክንዷን ስታነሳ ከብብቷ እስከ ዳሌዋ የብርሃን መስመር ይዘረጋል። ከዚያ ትሽከረከራለች። ልብሱ ወለል ብሎ ይከፈታል፣ ግድግዳው፣ የስፌት መኪናው፣ የአክስትየው የተከፈተ አፍ ሳይቀር ይበራል። ቀጥ ስትል ሁሉም ይጨልማል።

አዘጋጁ ዳንሰኛዋን አንዴ ዞሮ ያያታል።

«እንዳታወልቂው» ይላል በመጨረሻ። «በዚሁ ወደ ልምምድ እንሂድ። መኪና ውስጥ ግቢ።»

«ጋሼ፣ በዚህ ልብስ መቀመጥ የለም» ትላለች ምላጭ። «ሽንሽኑ ይሞታል።»

«ታዲያ መኪና ውስጥ ቆማ ትሂድ?»

«በእግሯ ትሂድ። ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። ዝናብ እንዳይነካው ብቻ።»

«እሺ፣ አለቃዬ።» እየሳቀ በሩ ጋ ይደርስና ወደ አክስትየው ይዞራል። «እትዬ፣ ያ ነገር...» ዳንሰኛዋ ደጃፉን ስትሻገር ጉልበቷ ላይ ብርሃን ይከፈታል፣ ይዘጋል። ዓይኑ ብርሃኑን ተከትሎ ይሄዳል። «ተዉት፣ ሌላ ቀን» ብሎ ይወጣል።

ምላጭ ወንበር ላይ ዘፍ ትላለች። ፊቷን አትቆጣጠረውም፤ ጥርሷ አልከደን ብሏታል። አክስቷ ግን በሩን ትዘጋና ኮቱን ከመስቀያው ታነሳለች። ከሥሩ ለሁለት የታጠፈ፣ በላስቲክ የተሸፈነ ብርማ ልብስ ተሰቅሏል። የውጭ አገር ምልክቱ አንገቱ ላይ አለ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«አሉ ያልኩሽ ነዋ። ጫፉን እንዳሳጥርለት ካመጣው ሦስት ሳምንቱ። ያንቺ ካልሆነለት ዛሬ ይዞት ሊሄድ ነበር።»

«እዚሁ? ኮቱ ሥር? ታዲያ አሉ፣ አሉ እያልሽ ጨጓራዬን ከምትልጪው አታሳዪኝም ነበር?»

«ባሳይሽ ትፈቺዋለሽ። ፈትተሽ ደግሞ እሱኑ መልሰሽ ትሰፊዋለሽ።» አክስቷ መነጽሯን በቀሚሷ ትጠርጋለች። «አሉ፣ አሉ ስልሽ ግን እልህ ብቻ ነው የሚይዝሽ።»

ምላጭ ላስቲኩን ገፍፋ ማብሪያውን ትጫናለች። ልብሱ ባንዴ ቦግ ይላል። አምፖሎቹ ሁሉ በእጥፋቶቹ አናት ላይ ተደርድረዋል።

እጇ ሳታዘው ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ምላጭ ይሄዳል። አየር ላይ ትንሽ ይቆያል፤ ከዚያ ባዶውን ይመለሳል።

«ጫፉን ግን ቆንጆ አሳጥረሽዋል» ትላለች።

ልብሱን እንደበራ ቦታው ትመልሰዋለች፣ ኮቱን ትደርብበትና አዝራሮቹን ከላይ እስከ ታች ትቆልፋለች። ከግርጌው ትንሽ ብርሃን ወለሉ ላይ ይፈሳል። በኮቱ ስፌት በኩል ግን አንድ ጭላንጭል አያልፍም።