የዘጠኝ ሰዓቱ እንግዳ

መሐንዲሱ የአባቱ ሠልስት ሳይወጣ ወደ መንገድ ሥራው የተመለሰ ሰው ነበር። በዓል አያውቅም፤ ምሳውን እንኳ የሚበላው መኪና ውስጥ ነው። አሁን ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ስልኩን ዘግቶ ወደ ሆስፒታሉ ግቢ ይሄዳል። እዚያ ጥዱ ሥር፣ ጭንቅላቷ ላይ ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ራሷን በነጭ ሻሽ ያሰረች ሴት ትጠብቀዋለች።

በመጀመሪያው ቀን «ማን ልበል?» ብትለው፣ «ሰው ልጠይቅ መጥቼ ነው» አላት። ከዚያ ወዲህ እሱ ብርቱካን እየላጠ ያጎርሳታል፤ እሷ የልጅነቷን ታወራዋለች። አንድ ቀን ወሬዋን ሳታቋርጥ እጁን ያዘችው። በማግስቱ ሥራውን የሚለቅበትን ማመልከቻ አስገባ።

ዛሬ ግን እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ሰብስባ ጠበቀችው።

«ከነገ ጀምሮ አትምጣ።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ልቤ ወደ አንተ እያዘነበለ ነው፤ እኔ ደግሞ ባለትዳር ነኝ። ባሌን ሥራ ይዞት ነው እንጂ አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም። ሲመጣ ከሌላ ሰው ጋር ተቀምጬ እንዲያገኘኝ አልፈልግም።»

ሊናገር አፉን ከፈተ። ዓይኖቿ እንባ ማቅረራቸውን ሲያይ ግን ተወው፤ እጅ ነሥቷት ተነሣ።

በሩ ላይ ነርሷ አገኘችው።

«ዛሬስ ባለቤትዎ አስታወሱዎት?»

ፊቱን በመሐረቡ ጠረገ።

«እኔን አላወቀችኝም» አላት። «ባሏን ግን እየጠበቀችው ነው።»