የቁም ሳጥኑ ጣቢያ

«የመድኃኒት ቤቱ ድመት ወልዳለች። አባትየው ለጊዜው አልታወቀም፤ ጥርጣሬው ግን በሥጋ ቤቱ ድመት ላይ አይሏል። ሁለቱም ቤቶች መግለጫ ከመስጠት ተቆጥበዋል።»

እናትየው ድንች እየላጠች ሳቋ አመለጣት። ከሻሿ ሥር የወሸቀችውን ማዳመጫ በክንዷ ገፋ አድርጋ አፏን በእጇ ጀርባ ያዘች። ባሏ እዚያው ቤት ውስጥ፣ ከኮሪደሩ ማዶ፣ የልጃቸው ክፍል ውስጥ ነው ያለው። ድምፁ ግን ወደ እሷ የሚመጣው በስልኳ በኩል ነው፤ ዓለምን ዞሮ፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ዘግይቶ።

ዕድሜ ልኩን በትልቁ የሬዲዮ ጣቢያ ዜና ያነበበ ሰው ነው። ጡረታ ሲያወጡት ከግድግዳ ጋር ሲያወራ ከረመና ድምፁን በቀጥታ የሚያስተላልፍበት የራሱን ድረ ገጽ ሠራ። ሠራ ከተባለ ነው፤ ሰማያዊ መደብ ላይ ቢጫ ፊደል፣ ጠርዙ የተንሻፈፈ፣ ከታች አሁን ስንት ሰው እንደሚያዳምጥ የሚያሳይ ቁጥር። ድምፅ እንዳያስተጋባበት ማይክሮፎኑን የልጃቸው ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ትታ በሄደቻቸው ካፖርቶች መሀል ሰቅሎታል። ራሱን እዚያ ከቶ የሰፈር ወሬ በዜና ድምፅ ያነባል። የማን አጥር እንደወደቀ፣ የትኛው የመንገድ መብራት እንደበራ፣ ልብስ ሰፊዋ መነጽር እንደቀየረች። ትልቁ ጣቢያ እንዲህ ላለው ወሬ የሚሆን ሰዓት ኖሮት አያውቅም።

«የሰው ባል ቁም ሳጥን ገብቶ ያወራል ሲባል ብንሰማ ምን እንል ነበር?» ብላው ነበር ያኔ። እንዲህ ብላ ተናግራ ኋላ ወደድኩት ማለት ሞት ሆነባትና፣ ገጹን እየከፈተች፣ ቁጥሩን እንኳ ሳታይ ስልኩን ሽርጧ ኪስ ውስጥ እየከተተች፣ ተደብቃ ማዳመጥ ጀመረች። በመጀመሪያው ቀን ታዲያ ባሏ ፊቱ በርቶ ከክፍሉ ወጣ።

«አንድ ሰው ሰማኝ» አላት። «ከእሷ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?»

ልጃቸው ከአባቷ ጋር ክፉ ቃል ተነጋግራ ከወጣች ሁለት ዓመት አልፏታል። የት እንዳለች በሰው በሰው ይሰማሉ እንጂ ስልክ አታነሳም። አባትና ልጅ እልኸኞች ናቸው፤ በመሀል የምትቃጠለው እናት ናት። እናም ያን ቀን «እኔ ነኝ» ለማለት አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ባሏ «ልጅሽ ዛሬም መጥታ ነበር» ባላት ቁጥር ወደ ምድጃዋ ዞራ ድስት ታማስላለች።

ዛሬ ዜናው ሲያልቅ እንደ ወትሮው አልተሰናበተም። ጉሮሮውን ጠረገ።

«አሁን የምናገረው ከዜና ውጭ ነው። ልጄ፣ አንቺ ከሆንሽ... ገጹን ዝጊውና መልሰሽ ክፈቺው። ቁጥሩ ላይ ይታየኛል። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።»

ቢላዋው ከእጇ ወደቀ። መዝጋትና መክፈት የአንድ ጣት ሥራ ነው። ብታደርገው ሽማግሌው ዛሬ በደስታ ያድራል፤ ነገ ግን ሌላ ነገር ይጠይቃል፣ ከነገ ወዲያም ሌላ፣ እሷም ልጇን ሆና ስትዋሽ ልትኖር ነው። ባታደርገው ደግሞ ያለችው አንዲት ተስፋ ዓይኑ እያየ ትጠፋለች። ልጇ ናፈቀቻት። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማት የምታማክረው እሷን ነበር።

ገጹን ዘጋችው። እጇን በሽርጧ ጠርጋ እውነቱን ልትነግረው ወደ ክፍሉ ሄደች።

ባሏ ጀርባውን ሰጥቶ ራሱ በካፖርቶቹ መሀል እንደተቀበረ ነው። «አንዱ ወጣ» አለ ሳይዞር። «አንቺ ነሽ አይደል?»

በሩን ተደገፈች። «ታውቃለህ እንዴ?»

«እኔ ቀልዴን ተናግሬ፣ ረስቼው፣ ሌላ ዜና ስጀምር ከወጥ ቤት ሳቅ ይመጣል። ባለፈው የጎረቤታችንን እግር መሰበር ሳነብ ስትንከተከቺ ነው የነቃሁት።»

«እና ልጅሽ መጣች የምትለኝ...»

«አንቺ መሆንሽን ሳውቅማ ነገሩን ልተወው ነበር። በማግስቱ ግን ሁለት ሆናችሁ።»

ቀና ብላ በካፖርቶቹ መሀል የሚያበራውን የኮምፒውተር ስክሪን አየች። እሷ ወጥታለች፤ ቢጫው ቁጥር ግን አንድ ነው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ዝጊና ክፈቺ ብያታለሁ» አለ። «አልነቃነቅም አለች። ሌላ ሰው ይሆን?» ይህን ሲል የዜና ድምፁ አብሮት አልነበረም።

ጠበቁ። ቃሉ ዞሮ የሚደርስበት ጊዜ አለፈ፤ ደግሞ ያን ያህል አለፈ። ቁጥሩ አልቀነሰም፣ አልጨመረም።

«ዝጊ ስትላት ዘግታ፣ ክፈቺ ስትላት ከፍታ ታውቃለች?» አለች እናትየው።

ባሏ ዞሮ አያት። ሊስቅ ጀምሮ መሀል ላይ ሌላ ነገር ሆነበት፤ ፊቱን በአንዱ ካፖርት እጅጌ ጠረገ። ከዚያ ማይክሮፎኑ ክፍት መሆኑ ትዝ ብሎት ሊያጠፋው እጁን ሲዘረጋ ያዘችው።

ከአልጋው ተነስታ እሷም ራሷን በካፖርቶቹ መሀል አስገባች። የልጇ ጠረን አሁንም አልለቀቃቸውም። ማይክሮፎን ፊት ቀርባ አታውቅም፤ ምን እንደሚባል ግራ ገባት።

«ምሳ በልተሻል?» አለች።

ገጹ መናገሪያ እንጂ መልስ መቀበያ የለውም፤ ይህን ሁለቱም ያውቃሉ። ባሏ በሥራ ዘመኑ በአየር ላይ ዝምታን እንደ ነውር የሚቆጥር፣ ለአንዲት ትንፋሽ ክፍተት ወጣቶቹን የሚቆጣ ሰው ነበር። አሁን ግን አንድ ሰው ጥያቄውን ሰምቶ፣ አስቦ፣ ለመመለስ የሚወስድበትን ያህል ዝምታውን ለቀቀው። ከዚያም ትንሽ ጨመረበት።